ዓይን ጨፍኖ የተሸጠ ኪቦርድ

ሶዶ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአክስቴ ልጅ ለኤርካሎ ልጅ፣ ለሚልክያስ፤

የጌታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ሰላም ካለህበት አገር፣ ከቆምክበት ሱቅ ደጃፍ ድረስ ይድረስህ። እግርህ የረገጠው ይለምልም፣ እጅህ የነካው ይባረክ። እኔ አክስትህ አስካለች ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ልጄ ብሩክታይትም መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ሥራዋን እንደያዘች ነው። ጎረቤታችን ብርቄ በማርያም ስም ሰላም በይልኝ ብላለች፤ እኔ ደግሞ በጌታ ስም አድርሼልሃለሁ። ሰላምታው ያው ነው።

ወረቀት ሲደርስህ ምን ነካት ትል ይሆናል። ስልክ ትቻለሁ። ባለፈው ሳምንት በማላውቀው ቁጥር አንድ ሰው ደውሎ «አክስቴ፣ ሚልክያስ ነኝ፤ ቁጥር ቀይሬ ነው» አለኝ። ድምፁ ያንተን ይመስላል። ያስፈራኝም መምሰሉ ነው። ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። አንተ ከነበርክ ይቅር በለኝ፤ ካልነበርክ ደግ አደረግሁ። ከእንግዲህ የምትለኝን በእጅህ ጽፈህ በሰው ላክልኝ። ሁለተኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠርኩህ እኔ ነኝ፤ ጽሕፈትህን የትም ባየው አልስተውም። ይህን የሚያመጣልህ ደገፉ ነው። እናቱን ቀብሮ ወደዚያው ወደ ደቡብ አፍሪካ ንግዱ ሲመለስ አደራ ብዬ ሰጥቼዋለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ኪቦርድህ ከቤቴ ወጥቷል። ገንዘቡ ግን አልገባም።

በመስከረም ደውለህ «ይሽጡልኝ» ስትለኝ ደስ እንዳላለኝ ታውቃለህ። አባትህ ከገሱባ በሬውን ነድቶ ገበያ ወርዶ፣ ሸጦ የገዛልህ ዕቃ ነው። እኔ ቤት ሆነህ ስትማር፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ባትሪ ከትተህ፣ ሻማ ለኩሰህ የተለማመድክበት ነው። «ሥራው ጥሩ ነው እያልከኝ የአባትህን ስጦታ ምን አሸጠህ?» ብልህ «አዲስ ልገዛ ነው» አልክ። እሺ አልኩ። ብሩክታይት ፎቶ አንስታ አንድ የሶዶ ዕቃ መሸጫ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጠፈችው። ፎቶውና የስልክ ቁጥሬ ብቻ ነው፤ ሌላ አንድም ቃል የለበትም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ስልክ ተደወለ። «ጌታ ይባረክ፣ እናቴ» ብሎ ጀመረ። ስሙ ወንድም እዮኤል እንደሆነ፣ ለአጥቢያቸው መዘምራን ኪቦርድ እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ከሰዓት በባጃጅ መጣ። ኮት ለብሷል፣ ዚፕ ያለው መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዟል። የቦዬ ሥር ቀቅዬ ከዳጣ ጋር አቀረብኩለት፤ ባርኮ በላ። ኪቦርዱን ሲከፍት ምን እንዳለ ታውቃለህ? ጣቱን መሐል ላይ ወዳለችው ነጭ ቁልፍ ወስዶ «ሻማ ያቀለጣት ይቺ ናት?» አለ። ቀጥሎም «አባቱ በሬ ሸጠው የገዙለት ዕቃ ነው፣ አይደል?» አለኝ። እኔ ሞኟ፣ መንፈስ ቅዱስ ገለጠለት ብዬ አለቀስኩ።

ስልኩን ነካካና «ላክሁ፤ መልእክቱ እስኪገባ በጸሎት እንለያይ» አለ። ቆመን ዓይናችንን ጨፈንን። ላንተ በስምህ ጸለየ። ለኤርካሎ ቤት ጸለየ። ጸሎቱ ረጅም ነበር። በመካከሉ ስልኬ ጮኸ፤ አሜን ብዬ ዓይኔን ስገልጥ ገንዘብ ገቢ ሆኗል የሚል መልእክት አገኘሁ። ብሩክታይት ጠጋ ብላ «እማዬ፣ ሂሳቡን ራሱን ከፍተሽ እዪ» አለችኝ በሹክሹክታ። ገላመጥኳት። ከጸሎት በኋላ ሂሳብ ማጣራት፣ አሜን ካሉ በኋላ «ግን» ማለት መሰለኝ። ኪቦርዱን እኔው ራሴ በአንድ ጫፍ ይዤ እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኘሁት።

ሰኞ ባንክ ስሄድ መስኮት ላይ ያለችው ልጅ መልእክቱን አይታ «እናቴ፣ ይሄ ከእኛ የመጣ አይደለም» አለችኝ። ፖሊስ ጣቢያ ቃሌን ሰጥቻለሁ። የሰውየው ስልክ አይሠራም። ብርቄ ስትሰማ «አንቺ ደግሞ ዓይንሽን ጨፍነሽ ትነግጃለሽ?» አለችኝ። ሳቅሁላት፤ አንጀቴ ግን አልሳቀም።

አሁን የምጠይቅህ አንድ ነገር ነው። ሁለቱንም፣ የሻማውንም የበሬውንም ነገር የምናውቀው አንተ፣ እኔና ብሩክታይት ነን። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። ለዚያ ሰው የነገረው ማን ነው?

መግባት መውጣትህን ጌታ ይጠብቅ።

አክስትህ አስካለች


ፖሎክዋኔ፣ ደቡብ አፍሪካ
ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና እንደ እናቴ ለማይዎት ለአክስቴ ለመምህርት አስካለች፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? በዚያ በሶዶ ብርድ ነጠላ ብቻ ደርበው ማለዳ ጸሎት እንደማይሄዱ ተስፋ አደርጋለሁ። የሰማይ አምላክ ዕድሜና ጤና ጨምሮ ይስጥልኝ። እኔ በጌታ ቸርነት በጣም ደህና ነኝ። ሥራም እንዳለ ነው። እትዬ ብርቄንና ብሩክታይትን ሰላም ይበሉልኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። በጣም አዘንኩ። ያዘንኩት ለዕቃው አይደለም፤ እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ለዚህ ዓይነት ሰው ቦዬ ቀቅለው ማቅረብዎ ነው ያንገበገበኝ።

ለማንም አልነገርኩም። እዚህ ማን ስለ ሻማ ይጠይቀኛል? ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ስኳርና ሳሙና ነው የሚጠይቀኝ።

ግን አክስቴ፣ ቅር አይበልዎትና እኔም የምጠይቀው አለኝ። ያን ሁሉ ዘመን ፈተና ላይ አንገታችንን ገና ስናዞር የሚይዙን መምህርት፣ አንድ ሰው ሻማ ስላለ ብቻ ዕቃ አስረከቡ ቢባል ማን ያምናል? እኔ አምናለሁ። ሌላ ዘመድ ቢሰማ ግን ምን ይላል? ገሱባ ያሉትን አጎቶቼን ያውቋቸዋል። እነሱ ጆሮ ሳይደርስ ነገሩ እዚሁ በመካከላችን ቢያልቅ ይሻላል።

ሌላም ነገር አለ። ማስታወቂያውን ያወጣችው ብሩክታይት ናት። ታሪኩን የምታውቀው እሷ ናት። ዕለቱን ቤት የነበረችውም እሷ ናት። አስጠነቀቀችኝ ብለዋል። ለምን በሹክሹክታ? ከልቡ የጠረጠረ ሰው ይጮሃል እንጂ አያንሾካሹክም። ልጅዎን ሌባ አላልኩም፤ ይህን በልቤም አላስበው። እንዲያው የምትውልባቸውን ልጆች፣ የምትጻጻፋቸውን ሰዎች ማየት አይከፋም ለማለት ነው። የዛሬ ወጣት ስልኩ ውስጥ ምን እንዳለ አናውቅም።

እርስዎ ቤት ስላሉት ስለ አልጋዬና ስለ ቁም ሳጥኔ፣ አሁን ምንም እንዳይሸጡ። በጓሮው ክፍል የተውኳቸው ዕቃዎች ሁሉ በቦታቸው መኖራቸውን በሚቀጥለው ደብዳቤ ቢገልጹልኝ ደስ ይለኛል።

ምርቃትዎ አይለየኝ።

የእርስዎው ሚልክያስ


ሶዶ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚልክያስ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ምርቃቱ ዛሬ አጭር ነው፤ አፌ ደርቋል።

ዕቃህ ሁሉ በቦታው አለ። አልጋህ አለ፣ ቁም ሳጥንህ አለ፣ የተነፈሰው ኳስህ ሳይቀር አለ። ብሩክታይት ግን የለችም።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። «ለምን በሹክሹክታ?» ያልከው ነገር ከጆሮዬ አልወጣ አለኝ። እህል ስቀምስ እሰማዋለሁ፣ ጸሎት ቤት ተቀምጬ እሰማዋለሁ። ስልኳ በጮኸ ቁጥር «ማን ነው?» ማለት ጀመርኩ። ከሥራ ስትዘገይ አጥሩ ሥር ቆሜ መጠበቅ ያዝኩ። እሷ ግን ጉልበቴ አሞኝ እንቅልፍ ያጣሁ መስሏት ቅባት ገዝታ መጣች። ቅባቱን እያሸችኝ ሳለ እንኳ ፊቷን እየመረመርኩ ነበር።

አንድ እሑድ ጓሮ ልብስ ስታጥብ ስልኳን አነሳሁ። መልእክቶቿን አንድ በአንድ ሳነብ፣ እጇ እንደራሰ ደጃፉ ላይ ቆማ አየችኝ። አልጮኸችም። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና «አገኘሽ?» አለችኝ።

«ምኑን?» አልኳት።

«የምትፈልጊውን።»

ያንተን ደብዳቤ አውጥቼ ሰጠኋት። ይህን ያደረግሁት ጥፋቱን ወደ አንተ ለማዞር ይመስለኛል። ቆማ አነበበችው፣ አጥፋ መለሰችልኝ፣ ልብሱን አስጥታ ጨረሰች። በማግስቱ ሻንጣዋን ይዛ አረካ ወደምትኖረው ጓደኛዋ ወደ ማክዳ ሄደች። እዚያው ሥራ ይዛለች አሉ። ከሰው ነው የሰማሁት።

ስልኳ ውስጥ ያገኘሁትን ልንገርህ? ለጉልበቴ የሚሆን መድኃኒት የት በርካሽ እንደሚገኝ ሰው እያጠያየቀች ነበር።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እኔ ላይ ደረሰ። ኪቦርድ ፍለጋ ልጄን ጣልኩ። የምወዳትን፣ አንድ ልጄን። ይህን ስጽፍልህ ተናድጃለሁ፤ በአንተም በራሴም።

አንተንም የምጠይቅህ አለኝ። በየዓመቱ ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ የምትልክልኝ ነገር ዘንድሮ አልመጣም። አላነሳሁትም፤ አንተ ደህና ከሆንክ ይበቃኛል። ግን «ሥራም እንዳለ ነው» ብለህ ጻፍክ። እንዳለ ማለት እንዴት ማለት ነው? ደብዳቤህን ያመጣልኝን ልጅ «የሚልክያስ ሱቅ እንዴት ነው?» ብለው ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ሻይ አቀርባለሁ ስለው ቸኩያለሁ ብሎ ወጣ። እኔ ሻይ እምቢ የሚል ወጣት አላውቅም።

ደህና ሁን።

አስካለች


ፖሎክዋኔ፣ መጋቢት 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አክስቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ፤ ወደዚያ የሚመጣ ሰው አጥቼ ነው።

የብሩክታይትን ነገር ስሰማ ደነገጥኩ። እንደዚያ ማለቴ አልነበረም። እንዲያው ይጠንቀቁ ለማለት ያህል ነበር የጻፍኩት። ወጣት ናት፣ ትመለሳለች፤ እርስዎም ብዙ አያስቡት።

ሱቁ ደህና ነው። ደብዳቤ ያመጣልዎት ልጅ በተፈጥሮው ዓይን አፋር ነው።

ስለ ኪቦርዱ ግን አንድ ነገር ልለምንዎት። እንተወው። ፖሊስ ጣቢያ መመላለሱን ይተዉት፤ በየግሩፑ መፈለጉም ይቅር። የሄደ ሄዷል፤ ለጌታ እንስጠው። አጎቶቼም ባይሰሙት መልካም ነው።

አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ባለፈው አይሽጡ ብዬ ነበር። አሁን ሳስበው ቢሸጡ ይሻላል። ቶሎ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል።

ጌታ ከእርስዎ ጋር ይሁን።

ሚልክያስ


ሶዶ፣ ግንቦት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሚልክያስ፤

ዘንድሮ በልጉ ለምለም ነው፣ ቀዬው በእንሰቱ አምሮበታል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። አንተንም ባለህበት ያበርታህ። እንደሚያስፈልግህ አሁን አውቄያለሁ።

«እንተወው» ባልክ ጊዜ ነው አልተወውም ያልኩት። ዕቃ የተዘረፈ ሰው «ፈልጉልኝ» ይላል እንጂ «አትፈልጉ» ሲል ሰምቼ አላውቅም። እውነቱን ልንገርህ፣ ከሌባው ጋር ተካፍለሃል እስከ ማለት ደርሼ ነበር። ይህን ለብርቄ ነገርኳት። «ልጅሽን ጨርሰሽ ወደ ዘመድሽ ልጅ ተሻገርሽ?» አለችኝ። ማሰቤን ግን አልተውኩም።

ብርቄ አረካ ገበያ ለቅቤ ሄዳ ስትመለስ «ልጅሽ መልእክት አላት» አለችኝ። የቦምቤ አጥቢያ መዘምራን ለፋሲካ ሲዘምሩ የተቀረጹበት ቪዲዮ ቴሌግራም ላይ ወጥቶ ኖሯል። ብሩክታይት ስታይ፣ ካሜራው ወደ ተጫዋቹ እጅ ሲጠጋ ያቺን በሻማ የቀለጠች ቁልፍ አየቻት። ለካ ከሄደች ጀምሮ ስትፈልግ ነው የከረመችው። መልእክቷ ይህ ብቻ ነበር፦ «እማዬ ከፈለገች ቅዳሜ አረካ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ።»

ሄድኩ። መናኸሪያው በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ከስታለች። ልስማት ስጠጋ ጉንጯን ሰጠችኝ፣ እንደ እንግዳ። የቦምቤ ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱ ሲያንገላታን «ጉልበትሽስ?» አለችኝ። «ደህና ነው» አልኳት። እስክንደርስ ድረስ የተነጋገርነው ይህንኑ ነው።

መዘምራኑ ልምምድ ላይ ነበሩ። ኪቦርዱ ፊት ለፊት ቆሟል፤ በነጭ ዳንቴል ግማሹን ሸፍነውታል። አንድ ጎረምሳ ሲመታው ሳይ አንተ መሰልከኝ። መዝሙሩን አቋርጬ «ይህ ዕቃ ከቤቴ በማታለል የተወሰደ አደራ ነው» አልኩ።

መሪያቸው ትግሉ የሚባል ነው፤ ዝንጅብል የሚያመርት ገበሬ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መጣ።

«እናቴ፣ አንቺ ነው ባለቤት?» አለኝ።

«ባለቤቱ የዘመዴ ልጅ ነው። ውጭ አገር ነው።»

«እኛ የሰረቅን አይደለንም፣ እናቴ። ገዝተን ነው። አጥቢያው በሙሉ ነው ያዋጣ። ዝንጅብል ያመጣ አለ፣ ዶሮ ያመጣ አለ። ዶሮ የሌላት እንቁላል አመጣች።»

«ከማን ገዛችሁት?»

«አንድ ወንድም አመጣው። አክስቱ ልካኝ ነው አለ። እኛም ዝም ብለን አላመንንም። ባለቤቱ ራሱ የተናገረው ድምፅ አለ፣ እሱን አሰማን፣ ለእኔም ላከልኝ። ስሚው።»

ስልኩን አውጥቶ ከፈተው። ሚልክያስ፣ ያንተ ድምፅ ነው የወጣው።

«ሳሮ፣ ሰላም ወገኖቼ። ሚልክያስ ኤርካሎ እባላለሁ፤ ያለሁት ደቡብ አፍሪካ ነው። ይህን ኪቦርድ አባቴ በሬ ሸጦ ነው የገዛልኝ። መሐል ላይ ያለችውን ቁልፍ ሻማ አቅልጧታል፣ ድምፅዋ ግን ደህና ነው። የምሸጠው ወድጄ አይደለም። ሱቄን ዘርፈው አቃጥለውብኛል፤ የምተኛው በጓደኛዬ መጋዘን ውስጥ ነው። ኪቦርዱ ሶዶ አክስቴ ዘንድ ነው፤ መምህርት አስካለች ይባላሉ። የሱቁን ነገር አልነገርኳቸውም፤ እንዳትነግሩብኝ። በዋጋ አትከራከሯቸው። ጸሎተኛ ናቸው፤ በጸሎት ከመጣችሁ እንኳን ኪቦርድ ቤታቸውን ይሰጣሉ። የወለደችኝ ብትኖር ከእሳቸው አትበልጥም ነበር።»

ስልክ ቁጥሬን ጨምረህ ጨርሰሃል። የመዘምራን ግሩፕ ውስጥ ነው የላክኸው አሉ። ትግሉ ግሩፑን ከፍቶ ቢፈልገው ጠፍቷል፤ የላከው ሰው ራሱ አጥፍቶታል ማለት ነው። ያ «ወንድም እዮኤል» ግን ሳይጠፋ በፊት ወስዶ አስቀምጦት ኖሯል። በአንዱ ድምፅ እኔን አታለለበት፣ በዚያው ድምፅ ለእነሱ ሸጠበት።

መጀመሪያ የተመኘሁት አንተን አጠገቤ አግኝቼ በጥፊ ማጮል ነው። «በጸሎት ከመጣችሁ» አልክ፤ በጸሎት መጣብኝ። መንፈስ ገለጠለት ያልኩት ሁሉ አንተ የገለጥክለት ነው። ይህን እያወቅህ ጣትህን ልጄ ላይ ቀሰርክ። ቀጥሎ ደግሞ መጋዘን ውስጥ መተኛትህ መጣብኝና ተቀመጥኩ። የማያውቅህ ሰው ሁሉ ሰማ። ሌባው ሰማ፣ ቦምቤ ሰማች። እናትህ አትበልጣትም ያልካት እኔ አልሰማሁም።

ትግሉ ኪቦርዱን ነቅለው በጨርቁ እንዲጠቀልሉት አዘዘ። ከሴቶቹ አንዷ ዳንቴሉን ስታጥፍ ታለቅስ ነበር። «እንጸልይና ውሰጂ» አለኝ።

እዚህ ላይ ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ጸሎት ሲጀመር ዓይኔ አይጨፈንም። ጸሎት ቤት ውስጥ ሰው እንዳያየኝ አንገቴን አቀርቅሬ ወለሉን አያለሁ። ያ ሰው የወሰደብኝ ይህን ነው፤ ኪቦርዱስ ሌላ ይገዛል። ቦምቤም ሁሉም ሲጨፍኑ እኔ የሰውን ጫማ፣ የሰውን እጅ እያየሁ ቆምኩ። ቀና ስል ብሩክታይትም አልጨፈነችም። እኔን ነው የምታየው። ለካ እሷም እንደዚሁ ሆናለች። ከአረካ ጀምሬ ልላት የፈለግሁት በአፌ አልወጣ ብሎኝ ነበር፤ ፊቴ ላይ አነበበችው መሰለኝ፣ መጥታ እጄን ያዘች። ያን ጊዜ ጨፈንኩ።

ኪቦርዱን አልወሰድኩም። ባለቤቱ ይናገር ብያቸዋለሁ።

ብሩክታይት ስንመለስ አረካ ላይ ወረደች። «ቤት አትመጪም?» አልኳት። «የጠረጠረኝ አንድ ሰው ብቻ አይደለም፣ እማዬ» አለችኝ። ከሚኒባሱ መስኮት እስክትጠፋ ድረስ አየኋት።

አሁን ባለቤቱ ይናገር።

አክስትህ


ፖሎክዋኔ፣ ሐምሌ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፤

እውነት ነው። ያሉት ሁሉ እውነት ነው።

ሱቁ የተቃጠለው በነሐሴ ነው። ስልኬም እዚያው ተወሰደ። ኪቦርዱ ሳይሸጥ እንዳይቀር ፈርቼ፣ ለእርስዎም በመስከረም በደወልኩበት በተዋስኩት ስልክ ያን ድምፅ ላክሁ። ለማላውቀው ሰው መናገር ቀለለኝ። ለእርስዎ መናገር ከበደኝ። አባቴ በሬውን ሸጦ ኪቦርድ ሲገዛ አጎቶቼ ሁሉ ስቀውበታል፤ «ልጁ ሰው ይሆናል፣ ታያላችሁ» ያሉት እርስዎ ብቻ ነበሩ። ያንን ቃል እንዴት ልጣልዎት? መጋዘን ውስጥ ነው የምተኛው ብዬ እንዴት ልጻፍ?

በጥቅምት የደወለልዎትም እኔ ነበርኩ። ሁሉን ልነግርዎ ነበር የደወልኩት። ሲዘጉብኝ ምን እንደተሰማኝ ልናገር? እፎይ አልኩ።

የመጀመሪያ ደብዳቤዎን ሳነብ፣ ሻማ ከሚለው ቃል ላይ ስደርስ ገባኝ። ወዲያው ድምፁን አጠፋሁት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ከዚያ ወረቀት አንስቼ ስለ ብሩክታይት ጻፍኩ። ተጠራጥሬያት አልነበረም፤ አንድም ቀን ተጠራጥሬያት አላውቅም። እርስዎ ወደ እኔ እንዳያዩ ነው ወደ እሷ ያመለከትኩት። ሌባው ኪቦርድ ነው ከቤትዎ ያወጣው። ልጅዎን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። አፍራለሁ።

ኪቦርዱ ቦምቤ ይቅር። አባቴ በሬ ሸጦ ገዛው፣ እነሱ ዝንጅብልና እንቁላል ሸጠው ገዙት። አባቴ ቢኖር ከእጃቸው አይነጥቅም ነበር። ቁልፏንም አያሠሩዋት፤ እንደዚያው ትሁን።

አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ግን እባክዎ ይሽጡልኝ። ይህን ስል ምንም አልደብቅም፤ ቸግሮኛል።

ለብሩክታይት ልጽፍ ጀምሬ ቀደድኩት። እንደገና ጀምሬ ቀደድኩት። ምን ብዬ ልጻፍላት?

ሚልክያስ


ሶዶ፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ ሚልክያስ፤

የተቃጠለብህን በሰባት እጥፍ የሚመልስ ጌታ ፊቱን ያብራልህ። መጋዘኑ ውስጥ ብርድ እንዳይነካህ። ሰው መሆን ሱቅ መያዝ ነው ብዬህ አላውቅም፤ ያንን ከየት እንዳመጣኸው አላውቅም።

አልጋውንና ቁም ሳጥኑን ብርቄ ገዝታዋለች። ዓይኗን ገልጣ፣ መሳቢያውን ሁሉ እየሳበች፣ ተከራክራ ነው የገዛችው። ገንዘቡን ሰሞኑን አገር ገብቶ የነበረው ደገፉ በእጁ ያደርስልሃል። ትግሉም መልእክትህ ደርሶታል፤ የኪቦርዱ ነገር ከተነገረው በኋላ አንድ ኩንታል ዝንጅብል ጭኖ ቤቴ መጣ። ምን ላድርገው? ሽጬ ያንተ ላይ ጨመርኩት።

ለብሩክታይት ምን ልጻፍ ብለሃል። ምንም አትጻፍላት። ወረቀት የጠየቅሁህ እኔ ነኝ፣ እሷ አልጠየቀችህም። የጎዳሃት በወረቀት ነው፤ ይቅርታውን ግን በድምፅህ አድርገው። ለጊፋታ ቤት እመጣለሁ ብላለች። ለዕለቱ እንጂ ለመኖር አላለችም፤ የመኖሩን ነገር ከዚያ በኋላ ነው የማስበው ብላለች።

ስለዚህ የዚያን ቀን ደውል፣ በእኔ ስልክ። የምታነሳው እሷ ናት። ማን ነህ ብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ቤታችን ውስጥ ዛሬ ሳይጠየቅ የሚታለፍ ሰው የለም። ስለ ሻማውና ስለ በሬው እንዳትነግራት፤ እሱን አገር ሁሉ ያውቀዋል። ስለ እሷ የጻፍከውን፣ ለምን እንደጻፍከው ንገራት። እሱን ሌባ አያውቀውም።

እኔ ከጎኗ ተቀምጬ እጠብቃለሁ። «እማዬ፣ እሱ ነው» ካለችኝ ስልኩን እቀበላታለሁ።

አክስትህ አስካለች